አቴ፦ የማራዊዋ እህቴ



ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን ልጅ አዲስ ያወጣችውን ፓስፖርት ይዛ ቤቴ መጣች። እዚህ ሰቆጣ ውስጥ ዐረብ ሀገር ደርሶ የተመለሰ ሰው እንደ አዋቂ ነው የሚቆጠረው፤ ሁሉም ከመሄዱ በፊት ይጠይቀዋል። ቡና አፍልቼ ቁጭ እንዳልን «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ደላላው ያን ያህል ደመወዝ የሚከፈለው ለፊሊፒኖ እንጂ ለሐበሻ አይደለም አለኝ። ለምንድን ነው? ሥራው አንድ አይደለም ወይ?»

በአንድ ቃል ልመልስላት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ስለዚህ ጥያቄዋን ለእናንተም በሚጠቅም መልኩ እዚህ ልመልሰው አሰብኩ። መልሱ ስለ አንዲት ሴትና ስለ ሀገሯ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ወደ ሪያድ የሄድኩት በ2004 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ደመወዜ 700 ሪያል። የገባሁበት ቤት ትልቅ ነበር፤ ማዳምና ባሏ፣ አምስት ልጆች፣ አንዲት በዊልቸር የሚሄዱ አሮጊት እናት። እኔ አጣቢና ጽዳት ነበርኩ። ኩሽናውን የምትመራው ደግሞ አንዲት አጠር ያለች፣ ፈገግታዋ ከፊቷ የማይጠፋ ፊሊፒናዊት ነበረች። የእሷ ደመወዝ 1500 ሪያል ነበር። ይህን ያወቅኩት ከመጀመሪያው ወር በኋላ ነው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በመጀመሪያው ቀን ስሟን ጠየቅኳት። ደረቷን ነካ አድርጋ «አቴ» አለችኝ። እኔ «እቴ» ያለችኝ መሰለኝ። የሐበሻ ሴቶች አስተምረዋት «እህቴ» ማለቷ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። በኋላ ስጠይቃት ሳቀች። በእነሱ ቋንቋ «አቴ» ታላቅ እህት ማለት ነው። ስም አይደለም፤ ከአንቺ ከፍ ያለችን ሴት በስሟ ብቻ መጥራት ነውር ስለሆነ የሚሉት ነው። እኛ «እትዬ» እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አቴ አልኳት። ሰው ሲሰማን አንዱ አማርኛ አንዱ ፊሊፒንኛ መሆኑን አይለይም ነበር።

«አንቺስ ከየት ነሽ?» አለችኝ።

«አዲስ አበባ» አልኳት።

ውሸት ነበር። አዲስ አበባን ያየሁት ለፓስፖርትና ለበረራ ብቻ ነው። ግን ሰቆጣ ብል ማን ያውቃታል? የሚያውቃትም በረሃብ ነው የሚያውቃት ብዬ ፈራሁ። ዋግ ስንል ሁሉም ሰው 77ን ያነሳል፤ ስንዴ የተሸከመ የጭነት መኪና፣ ከንፈሩ የደረቀ ሕፃን። ያን ፎቶ ይዤ መተዋወቅ አልፈለግኩም።

አቴ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቀችኝ። «ሐበሻ? የነጃሺ ሀገር ነሽ?» አለችኝ ዓይኗ ፈጥጦ። ሙስሊም መሆኗን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በልጅነቷ ቁርኣን ያስተማራት ሰውዬ ሰሓቦች ከመካ ተሰደው የተጠጉባትን ሀገር ታሪክ ደጋግሞ ነግሯታል። ለእሷ ሐበሻ ማለት የተሰደደ የሚጠጋባት፣ ፍትሕ ያለባት ሀገር ናት። እኔ ግን ከዚያች ሀገር ተሰድጄ እሷ ፊት ቆሜያለሁ። ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ኩሽናው

የእኛ ሰዓት ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነበር፤ የእራት ዕቃ ታጥቦ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ አሮጊቷ መድኃኒታቸውን ከዋጡ በኋላ። አቴ ማቀዝቀዣው ጥግ የምታስቀምጣት አንዲት ብልቃጥ ነበረቻት። ማንም አይነካትም። ውስጧ ያለው ፓላፓ ይባላል። በሀገሯ ሳኩራብ የሚሉት ባሮ ሽንኩርት መሳይ ተክል አለ፤ እሱን ከዝንጅብልና ከሚያቃጥል ቃሪያ ጋር በሙቀጫ ወቅጠው፣ ከተቆላ ኮኮናት ጋር ያዋህዱታል። ሳኩራብ ሪያድ ስለማይገኝ በተራ ባሮ ሽንኩርት ትሠራዋለች። በእረፍቷ ቀን ፊሊፒኖዎች የሚገበያዩበት በጥሓ የሚባል ሰፈር ሄዳ ኮኮናቱን ታመጣለች።

ፓላፓ ለእነሱ ልክ እንደ በርበሬያችን ነው። የሌለበት ቤት ቤት አይባልም። ዶሮ በተፈቀፈቀ ኮኮናትና በእርድ ሠርታ ፓላፓ ስታክልበት ፒያፓራን የሚሉት ምግብ ይሆናል። አንድ ቀን ከእናቴ የተላከልኝን በርበሬ አምጥቼ ከፓላፓዋ ጎን አስቀመጥኩት። ሁለታችንም የአንዳችንን በጣታችን ቀመስን። እሷ አነጠሳት፤ እኔን አስለቀሰኝ። ከዚያ ወዲህ ብልቃጦቹ ጎን ለጎን ነበሩ።

ሌላው ምግባቸው ሲኒጋንግ ነው፤ ጎምዛዛ ሾርባ። የሚጎመዝዘው በምን ይመስላችኋል? በሁመር! ዐረቦቹ ተምር ሂንዲ የሚሉት፣ እኛ ከተከዜ ቆላ የምናውቀው ያ ሁመር። ለእኔ ሁመር በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ እንጂ ሾርባ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። አዶቦ የሚሉት ደግሞ አለ፦ ሥጋ በአቼቶ፣ በሶያ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ እየተንተከተከ የሚበስል። ስሙ ስፓኒሽ ነው። «ምግቡ ግን የእኛ ነው» ትለኛለች። «በአቼቶ ማብሰሉን ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት እናውቀው ነበር፤ መጡና ስም አወጡለት።» ሳስበው እኛም «አቼቶ» የምንለው ከጣሊያን ወስደን ነው። የእኛ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ያን ያህል ቃል ኩሽናችን ውስጥ ትቶ ከሄደ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የተቀመጠው ስፔን ምን ያህል ይተው? ጠረጴዛቸው፣ መስኮታቸው፣ ማንኪያቸው ሁሉ የስፔን ስም አለው።

«አመሰግናለሁ» የሚሉት ግን «ሳላማት» ብለው ነው። ሰላም ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው ይባላል። ክርስቲያኖቹም የሚሉት እሱን ነው። ጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዲት ክርስቲያን ፊሊፒናዊት አልፎ አልፎ ትመጣ ነበር። ድስታቸው የተለያየ፣ ሩዛቸው አንድ። እኛ ጋ ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በግ ለይቶ፣ ራሱ ሙስሊሙ እንዲያርድ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ያንን ነግሬያት «እንደ እኛው ናችሁ» አለችኝ።

ሩዝ ያልበሉበት ቀን የበሉ አይመስላቸውም። ሲገናኙም «ደህና ነሽ?» ለማለት «ኩማይን ካ ና?» ይላሉ፤ «በላሽ ወይ?» ማለት ነው። ይህን ሰላምታ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የሐይቁ ሰዎች

አቴ ራሷን መጀመሪያ «ፊሊፒናዊት ነኝ» ብላ አታስተዋውቅም ነበር። «ማራናኦ ነኝ» ነው የምትለው። የሐይቅ ሰዎች ማለት ነው። ሀገራቸው ከ7,000 በላይ ደሴቶች አሏት፤ የእሷ ዘመዶች የሚኖሩት በስተደቡብ ሚንዳናዎ በምትባለው ትልቅ ደሴት፣ ላናዎ ሐይቅ ዳር ነው። ከተማዋ ማራዊ ትባላለች። ከባሕር ከፍ ያለች ደጋማ ስለሆነች ከሌላው የሀገሩ ሙቀት ይልቅ ነፋሻ ናት። «ሌሊት ብርድ ልብስ እንለብሳለን» ስትለኝ ሰቆጣን አስታወስኩ። አፌን ግን አልከፈትኩም።

በረመዳን ሌሊቶች፣ ሱሑር እስኪደርስ ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጠን፣ ታሪካቸውን ትነግረኝ ነበር። ከዐረብኛ፣ ከእንግሊዝኛና ከእጅ ምልክት በተቀላቀለ ቋንቋ! ብዙውን በኋላ ራሴ እያነበብኩ አረጋገጥኩት።

እስልምና ደሴቶቹ የደረሰው በነጋዴዎችና በሰባኪዎች ነው። ታዊ ታዊ በሚባለው ጫፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1380 ተሠራ የሚባል መስጊድ አለ። በኋላ በሱሉና በማጊንዳናዎ ሱልጣኖች ነገሡ። ስፔናዊያን እ.ኤ.አ. በ1521 መርከብ ይዘው ሲመጡ መሪያቸው ማጄላን ማክታን በምትባል ደሴት የላፑ ላፑ ሰዎች ገደሉት። እነሱ ግን ተመልሰው መጡ። ዛሬ ዋና ከተማ የሆነችው ማኒላ እንኳ ያኔ ራጃ ሱለይማን የሚባል ሙስሊም ገዢ ነበራት፤ በ1571 ወሰዷት። ሀገሪቱንም በንጉሣቸው በፊሊፕ ስም ጠሯት። አስቡት፣ አንድም ቀን እግሩ ያልረገጣት ንጉሥ ስሙን ሰጣት!

ሰሜኑና መካከሉ ካቶሊክ ሆነ። ደቡቡ ግን አልተንበረከከም። ስፔኖች በገዛ ሀገራቸው ሙስሊሞችን «ሞሮ» ይሉ ስለነበር እዚያም ሲያገኟቸው ያንኑ ስም ለጠፉባቸው። ስድብ ነበር። «ዛሬ ግን እኛው ወስደን ስማችን አደረግነው» አለችኝ አቴ። የደቡቡ ሙስሊም ራስ ገዝ ባንግሳሞሮ ይባላል፤ የሞሮ ሕዝብ እንደማለት።

በ1898 ስፔን ስትሸነፍ ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስተላለፈቻቸው። ሕዝቡን የጠየቀው የለም። ሱሉ ውስጥ ቡድ ዳጆ በሚባል ተራራ ላይ የተጠጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞሮዎች፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ፣ በ1906 በአሜሪካ ወታደሮች ተገደሉ። ነፃነታቸውን ያገኙት በ1946 ነው።

እኔም ተራዬ ሲደርስ ስለ ዐድዋ ነገርኳት። ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ቆጥረን 1896 ስንደርስ አቴ እጇን ራሷ ላይ ጣለች። የፊሊፒንስ ሰዎች በስፔን ላይ አብዮት ያነሡት በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው፤ ከዐድዋ አምስት ወር በኋላ። ሆሴ ሪዛል የሚባለውን ታላቁን ጸሐፊያቸውን ስፔኖች የረሸኑትም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው። እኛ ያሸነፍንበት ዓመት፣ እነሱ የተነሡበት ዓመት ነበር።

የአያትሽ ቋንቋ

አንድ ዓርብ ከሰዓት ስልኳን ከፍታ ኩሊንታንግ አሰማችኝ። በእንጨት ላይ በተርታ የተደረደሩ ትንንሽ የነሐስ ደወሎች ናቸው፤ ሴቶች በሁለት በትር ይመቷቸዋል። ዳራንገን ስለሚባለው ረጅም የማራናኦ የጀግንነት ግጥምም ነገረችኝ። ከመጽሐፍ አይደለም፣ በቃል እየተዜመ ከእናት ወደ ልጅ የመጣ ነው። ዩኔስኮም መዝግቦታል። አያቷ በሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚያዜሙትን እያዳመጠች አድጋለች።

ከዚያ ዘወር ብላ ጠየቀችኝ፦ «የአንቺ አያት በምን ቋንቋ ነው የምትዘፍነው?»

ዝም አልኩ።

የእኔ አያት ኽምጣና ተናጋሪ ነበረች። ከሰቆጣ ወጣ ካለ ገጠር ተድራ የመጣች የአገው ልጅ። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። በኽምጣና ትጠራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ። ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ፊት በቋንቋዋ ስትጣራ አልሰማሁም ብዬ አልፌያት አውቃለሁ። አንዴ ብቻ አይደለም። እሷም አንድ ቀን መጣራቷን ተወች፤ ከዚያ በኋላ በተሰባበረ አማርኛ ነው ያናገረችኝ። ያን ቀን ስኬት መስሎኝ ነበር።

አቴ ጥያቄዋን አልተወችም። ያኔ ነው እውነቱን የነገርኳት። «አዲስ አበባ አይደለሁም» አልኳት። «ሰቆጣ የምትባል ከተማ ልጅ ነኝ።»

አልሳቀችብኝም። «ንገሪኛ!» ነው ያለችው።

ነገርኳት። አያቴ ስትነግረኝ በግማሽ ጆሮ የሰማሁትን ሁሉ ለቀምኩት። ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው ሰቆጣ ገበያ ደርሶ ወደ መሀል ሀገር እንደሚበተን፤ ያ ጨው በዘመኑ እንደ ብር የሚያገለግል መሆኑን። ዋግሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት እንደሚቆጥሩ፤ ከእነሱም አንዱ፣ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ላይ መንገሣቸውን። በነሐሴ ልጃገረዶች የሻደይን ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ እኛም ሙስሊሞቹ ልጆች ከአጥር ላይ ተንጠላጥለን ማየታችንን። በዒድ ቀን ቃሪቦ ተጠምቆ፣ የማር ብርዝ ተበጥብጦ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሲመጡ ቤታችን መጥበቡን። አዝመራ በደቦ ሲታጨድ። እነሱም ባያኒሃን የሚሉት አላቸው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን የእንጨት ቤት ብድግ አድርጎ በትከሻ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስድለታል።

«ይህ ሁሉ እያለሽ አዲስ አበባ ነኝ አልሺኝ?» አለችኝ አቴ።

በዚያ ምሽት ማሎንግ ሰጠችኝ። ሁለቱ ጫፍ የተሰፋ፣ ቀለሙ ደማቅ ሰፊ ጨርቅ ነው። ልክ እንደ ወሎ ሽርጥ ይታጠቃል፤ ሲፈለግ ብርድ ልብስ፣ ሲፈለግ የሕፃን ማዘያ፣ ሲፈለግ መስገጃ ይሆናል። እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

ደብተሩ

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልምጣ።

በሁለተኛው ዓመቴ የአራት ወር ደመወዜ ተያዘ። ማዳም «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ትላለች። እኔ እሺ እላለሁ። አቴ ስትሰማ ከአልጋዋ ሥር አንድ ደብተር አወጣች። የተቀበለችው እያንዳንዱ ሪያል በቀን በቀኑ ተጽፎበታል። በመጀመሪያው ገጽ የኤምባሲያቸው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ስልክ አለ። የውሏም ቅጂ ታጥፎ ውስጡ ነበር። «ያንቺስ ውል?» አለችኝ። እኔ ውሌን ያየሁት የፈረምኩ ቀን ብቻ ነው። ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነበር። ከመሄዴ በፊት የተሰጠኝ ገለጻም የግማሽ ቀን ነው፤ ያውም ጆሮዬን የያዘኝ «አትጥፉ» የሚለው ብቻ ነበር። እሷ ግን ሠልጥና፣ ተፈትና፣ ምስክር ወረቀት ይዛ፣ ስለ ሳዑዲ ሕግና ባህል ተነግሯት ነው የመጣችው።

«ለምን ለአንቺ እጥፍ ይከፈላል?» ብዬ በግልጽ ጠየቅኳት። ያኔ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 ማብቂያ ጀምሮ የቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ200 ወደ 400 ዶላር ከፍ እንዲል ወሰነ። 400 ዶላር ማለት 1500 ሪያል ነው። በ2011 ከሳዑዲ ጋር በዚህ ተከራከሩ፤ ከሐምሌ ጀምሮም ሳዑዲ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ አዲስ የቤት ሠራተኛ መቀበል አቆመች። ማኒላ ግን ዋጋዋን አላወረደችም። በቀጣዩ ዓመት 400 ዶላሩ ጸድቆ በሩ እንደገና ተከፈተ፤ በ2013 ደግሞ ሁለቱ ሀገሮች ስምምነት ፈረሙ።

በሩ በተዘጋበት በዚያ ጊዜ ቤቶቹ ሠራተኛ ከየት አመጡ? ከእኛ። በብዛት ከኢትዮጵያ። እኔም የሄድኩት ልክ በዚያ ዓመት ነው። ዕድሌ የተከፈተ መስሎኝ ሱጁድ ወርጄ ነበር። ለካ የገባሁት ሌሎች «በዚህ ዋጋ አንገባም» ባሉት በር ነው።

አቴ ይህን የነገረችኝ ልታሳፍረኝ አልነበረም። «እኛም በነፃ አላገኘነውም» አለችኝ። በ1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ በግድያ ተከስሳ ተሰቀለች። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ መንግሥቱ ተንቀጠቀጠ፤ በዚያው ዓመት ውጭ ሀገር ያሉ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ሕጉ ሁሉንም አላዳነም። እስከ ዛሬም የሚበደሉ፣ በሣጥን የሚመለሱ ፊሊፒናውያን አሉ። ግን አንዲት ሴት ስትሞት ሀገር ጠየቀላት።

እኔ በሄድኩበት በ2004 ዓ.ም. ዓለም ደቻሳ የምትባል እህታችን ቤይሩት ውስጥ በቆንስላችን ደጃፍ ስትጎተት በቪዲዮ ታየች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። እኛም አለቀስን። በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተጠርዘው መጡ፤ ጉዞውም ታገደ። አዲሱ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923፣ የወጣው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕግ አሁን አለን። የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

ደመወዜስ? አቴ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። የቀረብኝን በዐረብኛ ጽፋ፣ አሮጊቷ ባሉበት ለማዳም እንዳነብ አደረገችኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሮጊቷ ሰምተው ልጃቸውን ተቆጧት፤ አላህ ይዘንላቸው። በሳምንቱ አራቱም ወር ተከፈለኝ።

የሁለቱ ከተሞች መከራ

በ2007 ዓ.ም. ወደ ሀገሬ ገባሁ። አቴም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሏን ጨርሳ ማራዊ ተመለሰች። ባሊክባያን ይባላሉ፣ ወደ ሀገር ተመላሽ፤ ለወራት ሳሙና፣ ቸኮሌት፣ የቆርቆሮ ምግብና ልብስ የሞሉትን ትልቅ ካርቶን በመርከብ አስቀድመው ይልካሉ። በኢሞ እንገናኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ማራዊ በጦርነት ተያያዘች። ታጣቂዎች ገቡ፤ ጦሩ ከበበ፤ አምስት ወር በአየር ተደበደበች። ሐይቁ ዳር ያለው የከተማዋ መሀል ፈራረሰ። አቴ ከነቤተሰቧ ዘመድ ጋ ሸሸች። ያኔ ምን ብዬ እንደማጽናናት አላውቅም ነበር፤ ከተማ እንዴት እንደሚፈርስ አላየሁማ።

ጊዜው አለፈና ጦርነቱ ወደ እኛም ደረሰ። ሰቆጣ ለወራት ስልክ አልነበራትም፣ መብራት አልነበራትም፣ መድኃኒት አልነበራትም። ስለዚያ ጊዜ ዛሬ አልጽፍም። ስልክ በተከፈተ ቀን፣ ገና ኔትወርኩ ሲመጣ፣ ስልኬ ተከታትሎ ጮኸ። አቴ በየሳምንቱ ስትጽፍልኝ ቆይታለች። ሁሉም መልእክት አንድ ዓይነት ነበር፦

«ኩማይን ካ ና?»

በላሽ ወይ?

እሷ ናት እንግዲህ፣ «ሰቆጣን ማን ያውቃታል?» ብዬ የደበቅኩባት ሴት። በዚያ ጊዜ የሰቆጣን ስም በዱዓዋ የምትጠራ ሴት ላናዎ ሐይቅ ዳር ነበረች።

አያቴ ከዚያ በፊት፣ በ2012 ዓ.ም. ሞታለች፤ አላህ ይዘንላት። ከሪያድ ስመለስ በኽምጣና ሰላም ልላት ሞክሬ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ። በጣም ስቃ አረመችኝ። ከዚያ ለመማር ስል ለዒድ፣ ለክረምት፣ ለሚቀጥለው ዓመት እያልኩ አስተላለፍኩት። ስልኬ ውስጥ ያለኝ የአሥራ አንድ ደቂቃ ድምጿ ብቻ ነው። ግማሹን አልረዳውም። አሁን ሴት ልጄ ኽምጣና ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ድምጹን አጫውትላትና የገባትን ትተረጉምልኛለች። ያልገባትን ደግሞ የእናቴን ታላቅ ወንድም እንጠይቃለን።

ለሰፈራችን ልጅ ምን እንዳልኳት ልጨርስ። አትሂጂ አላልኳትም፤ ቤታቸውን አውቀዋለሁና። ከመሄድሽ በፊት ውልሽን የሚያነብ ሰው ጋ ውሰጂው፤ ደመወዝሽን፣ የእረፍት ቀንሽን፣ የአሠሪሽን ስም እወቂ አልኳት። ቅጂውን ቤተሰብሽ ጋ ተዪ። በሕጋዊ መንገድ ካልሆነ እንዳትንቀሳቀሺ። የኤምባሲውን ስልክ በቃልሽ ያዢ። ደብተር ይኑርሽ፣ በየወሩ ጻፊ። እንድትጀምርበትም አንድ አዲስ ደብተር ሰጠኋት።

«ከየት ነሽ ሲሉሽ ደግሞ ሰቆጣ በያቸው» አልኳት።

«እትዬ፣ ማን ያውቃታል?» አለችኝ እየሳቀች።

ያኔ ቡናውን ሦስተኛ አድርጌ ጣድኩና ስለ ጨው ገበያው ጀመርኩላት።

እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ በቤታችሁ አያት ካላችሁ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አንዴ ወደ እሳቸው አዙሩ። አሥራ አንድ ደቂቃ በጣም አጭር ነው።